ልጄ ተርፋልኛለች፤ ቤታችን ግን ገና ከሕመሙ አልወጣም

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ወንዱ 13፣ ሴቷ 10 ዓመት ሆኗቸዋል። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። አማቴም አብረውን ይኖራሉ።

ልጄ ስምንተኛ ዓመቷ ላይ ጉልበቷ አብጦ ማነከስ ጀመረች። ጉልበቷን ሲተዋት ቁርጭምጭሚቷን ያዛት፤ ከዚያ ትኩሳቱም እብጠቱም በራሱ ጊዜ ጠፋ። ከወራት በኋላ ግን ትንሽ ስትሮጥ ታለከልካለች፣ ሌሊት ታስላለች። ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት ትራስ ደራርቤላት ቁጭ ብላ ነበር የምታድረው። ስትመረመር ሩማቲክ የልብ ሕመም ሆነ፤ ቫልቭ የሚሉት የልቧ በር ተበላሽቷል። ተራ ጠብቀን አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ማዕከል ቀዶ ሕክምና ተደረገላትና ቫልቩ ተጠገነ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈችልኝ። አሁን ዓመት ሊሞላት ነው። ሐኪሞቹ “ትማር፣ ትጫወት፤ በየ28 ቀኑ የፔኒሲሊን መርፌዋን እንዳታቋርጥ” ብለው ሸኝተውናል።

እኛ ግን ልጅቷን ከአልጋ ያወረድናት አይመስለኝም። እስካሁን ከኔ ጋር ነው የምትተኛው። በሙቀቱ ግቢ አንጥፈን ስናድር እንኳ እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ ነው የማንቀላፋው፤ ትንፋሿ ዝግ ያለ ሲመስለኝ እቀሰቅሳታለሁ። ቦርሳዋን ወንድሟ ይሸከምላታል፣ ሰሃኗን ወንድሟ ያነሳላታል። አባቷ ከጅቡቲ ሲመጣ ብስኩቱም ሽቶውም ለእሷ ነው። አማቴ “ይህችን ልጅ እንዳታስለቅሷት” ስላሉ የጠየቀችው ሁሉ ይሆናል። እሷም ገብቷታል። የቤት ሥራሽን ሥሪ፣ ስልኩን አስቀምጪ ስላት እጇን ጠባሳዋ ላይ ታደርግና “ልቤን!” ትላለች፤ ቤቱ በአንድ እግሩ ይቆማል። እውነቷን ይሁን አይሁን መለየት አቅቶኛል። አይደለም ብዬ ብተዋትና እውነት ቢሆንስ?

መርፌው ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ቀኑ ሲቃረብ እህል አትቀምስም፤ ከተወጋች በኋላ እያነከሰች ነው የምትመለሰው። ስትታመም ለቁልቢ ገብርኤል ተስዬ ነበር፤ ሐምሌ 19 ስለቴን አደርሳለሁ። አማቴ ደግሞ “መልአኩ ከማራት በኋላ ምን አድርጊ ብላችሁ ነው የምታሰቃዩዋት? እምነትሽ የት አለ?” ይሉኛል። ባለቤቴም ለቅሶዋን በስልክ ሲሰማ “አቦ፣ እስኪ ለተወሰነ ጊዜ ይቅርባት” ማለት ጀምሯል። ቡና ላይ ስንቀመጥ ደግሞ ልጅቷ አጠገቤ እያለች “ወይኔ ምስኪን፣ ነገ እንዴት ታገባለች፣ እንዴት ትወልዳለች?” ይባላል።

ለመጻፍ ያስነሳኝ ግን የወንዱ ነገር ነው። ሰኞ ምሳ አቅርቤለት እንጀራውን ሹሮው ውስጥ እያራሰ እያራሰ ይጎርሳል፤ በዋጠ ቁጥር ዓይኑ እንባ ያቀራል። አፍህን ክፈት ብዬ ሳየው ጉሮሮው ቀልቷል፣ ነጫጭ ነገር ይዟል፤ ግንባሩ ይፋጃል። ለካ ቅዳሜ ነው የጀመረው። ለምን አልነገርከኝም ስለው “እናንተ ደክሟችኋል” አለኝ። አማቴ እንጥሉን እናስቆርጠው እያሉ ነው።

መርፌውን ብናቋርጥ ምን ይመጣል? ልጅቷን ሳልጎዳት እንዴት ልቆጣት? ወንዱንስ እንዴት ልያዘው?

እናት፣ ከሳቢያን

መልስ

እህቴ፤

እንኳን ልጅሽን ማረልሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ያስደነገጠኝ የወንዱ ጉሮሮ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። እስካሁን ካልወሰድሽው ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

የእህቱ የልብ ሕመም የተነሳው እኮ ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ጉሮሮን ሲያሳምም፣ በአንዳንድ ልጆች ላይ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል ያዘጋጀው ኃይል ዞሮ የገዛ መገጣጠሚያንና ልብን ይመታል። ጉልበቷን ለቆ ቁርጭምጭሚቷን የያዛት እብጠት ይኸው ነበር። ሕመሙ የሚበዛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው፤ ባክቴሪያውም አንድ ቤት የሚያድሩ ልጆች መካከል በቀላሉ ይተላለፋል። የጉሮሮ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ትክክለኛው አንቲባዮቲክ ከተሰጠው ሩማቲኩን ማስቀረት ይቻላል። የሚዋጥ መድኃኒት ከታዘዘለት፣ ሕመሙ በሁለት ቀን ቢተወውም የታዘዘለትን፣ ብዙውን ጊዜ 10 ቀን ነው፣ ይጨርስ። የጉሮሮ ሕመም ሁሉ እንዲህ ያለው አይደለም፤ ሳልና ንፍጥ ያለበት አብዛኛውን ጊዜ ጉንፋን ነው። የሩማቲክ ታማሚ ባለበት ቤት ግን በግምት አይታለፍም። ለሐኪሙም እህቱ የልብ ሩማቲክ እንዳለባት ንገሪው። እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ትርፉ ደም መፍሰስና ቁስለት ነው። እዚህ ላይ አማትሽን እሺ እንዳትያቸው።

“እናንተ ደክሟችኋል” ያለሽን ግን መድኃኒት ሰጥተሽ ብቻ አትለፊው። የ13 ዓመት ልጅ ትኩሳቱን የሚደብቀው ለእኔ የሚተርፍ ሰው የለም ብሎ ሲያምን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ቦርሳዋን አይሸከም፣ ሰሃኗን አያንሳ። አባቱ ሲመጣ እሱን ብቻ ይዞ ይውጣ፤ ከዚራ ዛፍ ሥር ይቀመጡ፣ ፀጉራቸውን ይስተካከሉ፣ ሳምቡሳ ይብሉ፣ ስለ መኪናውና ስለ መንገዱ ያውሩ። የእህቱ ነገር ሳይነሳ ቢመለሱ ደስ ይለኛል። ከጅቡቲ የሚመጣውም ዕቃ ለሁለቱም እኩል ይሁን።

ወደ መርፌው ስመጣ መልሴ አጭር ነው፦ አታቋርጡ። እንዲያውም ቤታችሁ ውስጥ በየሰዓቱ የተበተነውን ፍርሃትና ጥንቃቄ ሁሉ ሰብስባችሁ የመርፌው ቀን ላይ እንድታውሉት ነው የምፈልገው። እዚያ ላይ ድንጋይ ሁኑ፤ በቀረው ልጅቷን ልቀቋት።

መርፌው የተጎዳውን ቫልቭ አያድንም፤ እሱን ሐኪሞቹ ጠግነውታል። ሥራው ባክቴሪያው ዳግመኛ እንዳይይዛት መከላከል ነው። አንዴ ሩማቲክ የያዘው ልጅ ለሁለተኛው ቅርብ ነው፤ በተደጋገመ ቁጥር ደግሞ ቫልቩ ይበልጥ ይጎዳል። የምትወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ በዝግታ ወደ ደም ይገባል፤ ወደ አራት ሳምንት ሲጠጋ መጠኑ እያነሰ ይሄዳል። ባለቤትሽ “ለተወሰነ ጊዜ ይቅርባት” ሲል ያን ጊዜ ሁሉ ያለ መከላከያ ትቆይ ማለቱ እንደሆነ አስረጂው። ለቀዶ ሕክምና የደረሱ ልጆች መርፌውን ለብዙ ዓመታት፣ ብዙዎቹም እስከ 40 ዓመታቸውና ከዚያም በላይ ይወስዳሉ። ይህን ለልጅቷ ዛሬ መንገር አያስፈልግም፤ እናንተ ግን “እስኪያልፍ ነው” እያላችሁ አትጠብቁ። ሐኪም መርፌውን በኪኒን የሚተካበት ጊዜም አለ፤ ያን የሚወስነው የልብ ሐኪሟ ብቻ ነው።

አማትሽን በሕክምና ቃል አትከራከሪያቸው። ስለትሽን አድርሺ፤ ቁልቢ እንደ ድሬ ስላልሆነ ለብርዱና ለዝናቡ ጃኬት ያዢላት፣ ዳገቱንም እያረፈች በራሷ እርምጃ ትውጣው። ከዚያ በፊት ግን የንስሐ አባታችሁን ቤት ጥሪና እሳቸው ያነጋግሯቸው። ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ የሚመክሩ አባቶች ብዙ ናቸው፤ አማትሽም ከአንቺ አፍ የማይቀበሉትን ከእሳቸው ይቀበላሉ። ቀጥሎ ቀኑን የመያዙን ኃላፊነት ለአማትሽ ስጪያቸው። 28 ቀን ድፍን አራት ሳምንት ነው፤ ሐሙስ ከተወጋች የሚቀጥለውም ሐሙስ ነው። በወሩ ቀን ከያዛችሁት ትስታላችሁ፤ ወራችን 30 ቀን ስለሆነ በ19 የተወጋች ልጅ ቀጣዩ በ17፣ ከዚያ በ15 ነው። “በየወሩ በገብርኤል” ብለው ይዘው በየጊዜው ሁለት ቀን የሚያዘገዩ እናቶች ብዙ አጋጥመውኛል።

ስለ ሕመሙ ደግሞ፣ ጤና ጣቢያ መርፌ ክፍል ለዓመታት ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርሽ። ይህ መድኃኒት ዱቄቱ ሲበጠበጥ ወፍራም ነጭ ይሆናል፤ ቸኩለው ሲገፉት ነው የሚያቃጥለው። ነርሷን በትሕትና ጠይቂያት፦ የተበጠበጠው መድኃኒት እጇ ውስጥ ትንሽ ለብ ይበል፣ የቀባችው አልኮል እስኪደርቅ ትጠብቅ፣ ከመውጋቷ በፊት ቦታውን በአውራ ጣቷ 10 ሰከንድ ያህል ጫን ትበል፣ ከዚያ በዝግታ ትግፋው። አንድ ጊዜ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ግራ ይሁን፤ የቱ ተራ እንደሆነ ልጅቷ ራሷ ትናገር። ተኝታ ትወጋ። ቁርስ ሳትበላና ውኃ ሳትጠጣ አትውሰጃት፤ ባዶ ሆዷን ስትፈራ ራሷን ልትስት ትችላለች። ተወግታ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ቆዩ። ስትወጡ ባጃጅ አትጥሪ፤ ከመጋላ ሙሸበክ ገዝታችሁ እየበላችሁ ትንሽ ተራመዱ፣ እግሯ ቶሎ ይፍታታል። ከዋዜማው ጀምሮ ቤት ውስጥ መንሾካሾክም ይቅር። ልጅ ከመርፌው ይልቅ የሚፈራው ትልልቆቹ ድምፃቸውን ሲቀንሱ ነው።

“ልቤን!” ስትል ውሸቷን ነው አትበይ። የደረት አጥንትና ጠባሳ ቀዶ ሕክምናው ካለፈ በኋላም ለረጅም ጊዜ ሊወጋ፣ ሊያሳክክ ይችላል፤ ፍርሃትም ልብን ያስመታል። የምትሠሪው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን። አጠገቧ ተቀመጪ። ሳታቋርጥ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ትናገር እንደሆነ ስሚ። ከንፈሯንና ጥፍሯን እዪ፣ እግሯ አብጦ እንደሆነ በጣትሽ ጫን አድርጊ። ትንፋሽ ካጠራት፣ ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ራሷን ከሳተች፣ አርፋም እንኳ ልቧ ሳይረጋጋ በኃይል ከመታ፣ እግሯ ካበጠ፣ ጋደም ማለት ካቃታት፣ ወይም ያለ ምክንያት ትኩሳት ከያዛት ቀጥታ ድል ጮራ ሆስፒታል ነው። ከነዚህ አንዱም ከሌለ “እሺ የኔ ልጅ፣ እረፊ” በያትና አልጋዋ ላይ ጋደም ትበል፤ ስልክ የለም፣ ቴሌቪዥን የለም፣ የአያት ለቅሶም የለም። ስትነሳ የቤት ሥራው እዚያው ይጠብቃታል። በእውነት ያመማት ልጅ ዕረፍቱን ትወደዋለች፤ ያላመማት ይሰለቻታል። ቁጣ አያስፈልግሽም።

ሥራም ስጧት፤ ሰሃኗን ታንሳ፣ ቡና ሲፈላ ፈንዲሻ ታቅርብ፣ ቦርሳዋን ራሷ ትሸከም። ሐኪሞቹ ትጫወት ካሉ በእረፍት ሰዓት ከጓደኞቿ ጋር ትሩጥ፣ ሲደክማት ራሷ ትቁም። ለክፍል ኃላፊ መምህሯ ይህን በአጭሩ ጽፈሽ ስጪው፤ አለበለዚያ እነሱም እንደ እናንተ ጥግ ያስቀምጧታል።

የራሷን ፍራሽ ያንቺ አጠገብ አንጥፊላት፤ እጅሽ እንዳይደርስ ትንሽ ራቅ አድርጊው። የተኛችን ጤነኛ ልጅ መቀስቀስ አቁሚ፤ መጀመሪያ ሰሞን አንቺ ትቸገሪያለሽ እንጂ እሷስ ትለምደዋለች።

የጎረቤቶቹን ነገር ስሰማ ተናድጃለሁ። ቡና ላይ “ዳነች፣ ትምህርቷንም ይዛለች። በፊቷ ስለ እሷ አታውሩብኝ” በያቸውና ሲኒውን ሙዪ። ልጅቷ ግን ጥያቄውን ሰምታዋለች፤ ዝም ብለሽ አትለፊያት። ቫልቫቸው ተጠግኖ በልብ ሐኪም ክትትል የወለዱ ሴቶች እንዳሉ፣ ስታድግ ሐኪሟ አይቶ የራሷን እንደሚነግራት ለብቻዋ ንገሪያት።

ለቀጣዩ ቀጠሮ ከመሄዳችሁ በፊት ደብተር አውጪ፦ መርፌው እስከ መቼ? የውድድር ስፖርት ይፈቀድላታል? ጥርስ ቢነቀልላት አስቀድሞ የሚሰጣት መድኃኒት አለ? ጨውስ ምን ያህል? ጥርሷን ጠዋትና ማታ እንድትቦርሽም ተከታተያት፤ ከድድ የሚገባ ባክቴሪያ ለተጠገነ ቫልቭ አደገኛ ነው። ከጥያቄዎቹ ሥር ለእሷ ባዶ መስመር ተዪላት። የምትጠይቀውን ራሷ ትጻፍ፤ ሐኪሙ ፊትም ራሷ ታንብበው።