የቄሱ መዝገብ

ውድ ወጣቶች፣

ሠላሳ ዓመት በአካባቢ ጤና ሙያ ሠርቻለሁ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የለንደንን ንጽሕና ለማጥናት ያሰባችሁ ልጆች ብዙ ጊዜ ከሐኪሙ ከጆን ስኖው ትጀምራላችሁ። ጥሩ ነው። እኔ ግን ስለ አንድ ቄስ ላጫውታችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1854 ኦገስት መጨረሻ ሶሆ ሰፈር ኮሌራ ገባ። በብሮድ ጎዳና ዙሪያ ከ600 በላይ ሰው አለቀ። ስኖው ጥፋቱ የጎዳናው ፓምፕ ውሃ ነው አለ። ሴፕቴምበር 8 ቀን የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። ያኔ ብዙው ሐኪም በሽታው ከመጥፎ ሽታ ይመጣል ባይ ነበር።

ሄንሪ ኋይትሄድ የሰፈሩ ረዳት ቄስ ነው፤ ገና ሠላሳ ያልሞላው ወጣት። የስኖውን ሐሳብ አልተቀበለም። ስህተት መሆኑን ላሳይ ብሎ ተነሣ። ሰዎቹን ያውቃቸዋል፣ ቤታቸው ይገባል። አንዳንዱን በር አራት አምስት ጊዜ ተመልሶ አንኳኳ። የታመመው ከየት ጠጣ? ያልታመመውስ? ይህቺን ሁለተኛዋን ጥያቄ እወዳታለሁ። መልሱ ሲጠራቀም ወደ ፓምፑ ወሰደው። ሐሳቡንም ለወጠ።

በኋላ የሞት መዝገብ ሲያገላብጥ የአንዲት የአምስት ወር ሕፃን ስም አገኘ። ቤቷ ፓምፑ አጠገብ ነው። እናትየው የሽንት ጨርቋን ያጠበችበትን ውሃ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው የቆሻሻ ጉድጓድ ደፍታው ነበር። ሲቆፈር ከፓምፑ የውሃ ጉድጓድ ያለው ርቀት አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም።

እኔ በወጣትነቴ እንዲህ አላደረግሁም። አንድ ከተማ ሄጄ «ሽንት ቤት አይጠቀሙም» ብዬ ጽፌ መጣሁ። በዓመቱ ስመለስ አንዲት እናት «ልጄ፣ ክረምት ሲመጣ ጉድጓዱ ይሞላል፤ ልጆች እንዳይገቡበት ነው የዘጋነው» አሉኝ። ቀድሞ ብጠይቃቸው ኖሮ ይነግሩኝ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ መደምደሚያችሁን ይዛችሁ መዝገብ ቤት አትግቡ። የሽታ ነገር ያሉትንም አትናቁ። በ1858 ቴምዝ ወንዝ ሲገማ ፓርላማው ደንግጦ ለጆሴፍ ባዛልጌት የፍሳሽ መስመር ገንዘብ የፈቀደው ሽታውን ፈርቶ ነው። መስመሩ ግን ቆሻሻውን ከከተማው መሐል አርቆ ውሃውንም ጠቀመ።

የሞት ቁጥር ይሰበስብ የነበረውን የዊልያም ፋርን ጽሑፎችም ፈልጉ። በ1852 ባወጣው ሪፖርት ኮሌራን ከቆላማ ቦታ አየር ጋር ያያይዘዋል። በ1866 ግን መስመሩ ገና ባልተዳረሰበት ምሥራቅ ለንደን በሽታው ሲነሣ፣ ያው ሰው የውሃ ኩባንያውን ነበር የተከታተለው። ሁለቱን ጽሑፎቹን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ።