ናሙናው ላቦራቶሪ እስኪደርስ፦ ጥያቄና መልስ

የእንስሳት በሽታና የምግብ ደህንነት ላቦራቶሪ ውስጥ ናሙና ስቀበልና ስመረምር ዓመታት አልፈዋል። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው ልመልስ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የሳልሞኔላ ውጤት ለምን ቀናት ይፈጃል? ምርቱ እስከዚያ ታግዶ ይቆያል።

መልስ፦ ሳልሞኔላ ምግብ የሚመርዝ ባክቴሪያ ነው፤ እስኪራባ መጠበቅ ግድ ነው። ከምግቡ 25 ግራም መዝነን 225 ሚሊ ሊትር ማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ እንጨምርና በ37 ዲግሪ ለ18 ሰዓት ያህል እናቆየዋለን። ደርቆ ወይም ቀዝቅዞ በቆየ ምግብ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ የተጎዳ ስለሆነ መጀመሪያ ማገገም አለበት። ቸኩለን ሌሎች ባክቴሪያዎችን የሚያፍነው ፈሳሽ ውስጥ ብንከተው እሱም ይሞትና «የለም» ብለን እንሳሳታለን። ካገገመ በኋላ ነው ወደዚያ ፈሳሽ፣ ከዚያም ባክቴሪያ ወደሚበቅልበት ሳህን የሚያልፈው። ቀላ ብሎ መሐሉ የጠቆረ ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምችት) ስናይ እንጠረጥራለን፤ ግን ገና ማረጋገጫ ይቀረዋል። ፒሲአር (የባክቴሪያውን ዘረ መል የሚፈልገው ምርመራ) መንገዱን ያሳጥራል፣ የማገገሚያዋን ሌሊት ግን አያስቀርም።

ጥያቄ፦ የመስክ እንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የአፍተግር ናሙና ልኬ «ቫይረስ አልተገኘም» ተባልኩ። ከብቶቹ ግን አፋቸው ቆስሎ ለሃጫቸው ይዝረበረብ ነበር።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዓይንህን አትጠራጠር። ላቦራቶሪው የነገረህ በደረሰው ብልቃጥ ውስጥ አለማግኘቱን ብቻ ነው። ይህ ቫይረስ አሲድ አይችልም፤ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ6 በታች ከወረደ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ አዲስ ከፈነዳው ውሃ ቋጠሮ ላይ የተገፈፈ ቆዳ ቢያንስ 1 ግራም ውሰድና ፒኤቹ ከ7.2 እስከ 7.6 በሆነ ማጓጓዣ ፈሳሽ ውስጥ አድርገህ በቅዝቃዜ ላክ። አንድ ጊዜ አይስ ቦክስ ስከፍት በረዶው ሟሙቶ፣ ብልቃጦቹ ውሃ ላይ ተንሳፍፈው፣ የተጻፈው ቁጥር ሁሉ ታጥቦ አገኘሁ። ናሙናውን ያመጣው ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲጓዝ ነበር ያደረው፤ እስካሁን ያሳዝነኛል። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም የምለው «በእርሳስ ጻፉ» ነው፤ እርሳስ ውሃ አያጥበውም። ቁስሉ ከሰነበተ ደግሞ ደም ቀድተህ ሴረሙን (ደሙ ሲረጋ የሚለየውን ጥርት ያለ ፈሳሽ) ለይተህ ላክ። ሙሉ ደሙን ግን በረዶ አታድርገው፣ ቀይ ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ።

ጥያቄ፦ አባሰንጋ ብጠረጥር ሬሳውን ልክፈተው?

መልስ፦ በፍጹም። ባክቴሪያው አየር ሲያገኝ ስፖር የሚባል የማይበገር ቅርፊት ያለው ቅርጽ ይሠራል፣ ስፖሩም አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይኖራል። ጓንት አድርገህ ከጆሮ ሥር ጥቂት ደም ስላይድ ላይ ቅባ፤ ለምርመራ ይበቃል።

ጥያቄ፦ 1000 ጤነኛ የሚመስሉ ከብቶች ተመርምረው 12ቱ ፖዘቲቭ ሆኑ። መንጋው ተበክሏል ማለት ነው?

መልስ፦ ገና አይባልም። ምርመራው ከ100 ጤነኛ ከብቶች አንዱን በስህተት ፖዘቲቭ የሚል ከሆነ፣ በሽታው ጨርሶ በሌለበት መንጋ እንኳ ከ1000ው 10 ያህሉ ፖዘቲቭ ይወጣሉ። ለዚህ ነው በብሩሴሎሲስ (ከብት የሚያስወርድ በሽታ) ምርመራ ሮዝ ቤንጋል በተባለው ፈጣን የደም ምርመራ ፖዘቲቭ የሆነውን በሌላ ዘዴ ሳናረጋግጥ የማንፈርደው። የአንድ አርቢ ላም በእኛ ችኮላ መታረድ የለባትም።

ጥያቄ፦ ወተት ሲፈላ አፍላቶክሲን ይጠፋል?

መልስ፦ አይጠፋም እህቴ። አፍላቶክሲን የሻጋታ መርዝ ነው፤ ላሟ የሻገተ መኖ ስትበላ መርዙ አፍላቶክሲን ኤም1 ወደተባለ ዓይነት ተለውጦ ወተቷ ውስጥ ይገባል፣ ሙቀቱንም ይቋቋማል። የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ የኮዴክስ ጣሪያ በኪሎ ግራም ወተት 0.5 ማይክሮ ግራም ነው። መከላከሉ መኖውን ከማድረቅ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ አንድ አገር «ከበሽታው ነፃ ነኝ» የሚለው በምን ማስረጃ ነው?

መልስ፦ ፈልጎ በማጣት። ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ከዓለም መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ከመታወጁ በፊት አገሮች ክትባቱን አቁመው ሴረም መርምረዋል፤ ክትባት ከቆመ በኋላ በተወለደ ወጣት ከብት ላይ ፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራው) ቢገኝ ቫይረሱ አለ ያሰኛል። የናሙናው ብዛትም የሚወሰነው በስሌት ነው። ከትልቅ መንጋ ቢያንስ 5 በመቶው ቢያዝ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ቢያንስ አንዱን ለማግኘት 59 ከብት በዕጣ መርጦ መመርመር ይበቃል። 1 በመቶ ብቻ ከሆነ ግን ወደ 299 ይወጣል።

ጥያቄ፦ ደም ሰጥተን ውጤቱን የማንሰማው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ቅሬታችሁ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ቅጹ ላይ የባለቤቱ ስልክ አይጻፍም፣ ውጤቱም ቢሮ ደርሶ እዚያው ይቀራል። ደም ሲቀዳ ስልካችሁ መጻፉን በዓይናችሁ እዩ፣ የናሙናውንም ቁጥር ያዙ።