በግንቦት ሙቀት አልበቅል ያለው የሰላጣ ዘር

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ከዚራ ነው የምኖረው። በግንቦት መጀመሪያ መደብ ላይ ሰላጣ ዘርቼ ጠዋትና ማታ አጠጣሁ። ከአሥር ፍሬ አንዱ ቢበቅል ነው። የበቀለውም ሳይሰፋ አገዳ አውጥቶ መረረ። ሐረር ያለችው እህቴ ከዚሁ እሽግ ዘርታ ግጥም ብሎ በቅሎላታል። ጥፋቱ የዘሩ ነው የኔ?»

መልስ፦ ዘሩ ደህና ነው፤ እህትዎ ዘንድ ታይቷል። የሰላጣ ዘር የሚወደው ከ15 እስከ 22 ዲግሪ የሆነ አፈር ነው። ወደ 30 ሲጠጋ ውሃ ጠጥቶም እንቅልፍ ይይዘዋል። ሐረር 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ገደማ። በግንቦት ደግሞ ፀሐይ የመታው መደብ ከአየሩም በላይ ይግላል። እንዲህ በጋለ አፈር ላይ ውሃ መደጋገም ዘሩን ያበሰብሰዋል እንጂ አያነቃውም።

ወሳኙ ዘሩ ውሃ የሚጠጣበት የመጀመሪያው ቀንና ሌሊት ነው። እሱን በቅዝቃዜ ያሳልፉለት። ዘሩን በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ (በረዶ ቤቱ ውስጥ አይደለም) ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያቆዩት። ነጭ ጫፍ ብቅ ሊል ሲል ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ይዝሩት፤ ሌሊቱ ይጠቅመዋል። ጣሪያ ላይ ካለ ታንከር ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ውሃ ትኩስ ነውና በእንስራ ያደረ ውሃ ይጠቀሙ።

ሲዘሩ መደቡን ይተዉት፤ በቁመቱ የተሰነጠቀና ሥሩ የተበሳሳ ጀሪካን ይሻላል፣ ወደ ጥላ ማንሳት ይቻላል። ሁለት እጅ የተነፋ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ይቀላቅሉ። ብዙው የሰላጣ ዝርያ ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ ከግማሽ ሴንቲሜትር በላይ አይቅበሩት። ሳሳ ያለ እርጥብ ጆንያ ጣል ያድርጉበትና ጠዋት ማታ ገለጥ እያደረጉ ይዩ። የመጀመሪያው ቡቃያ እንደታየ በዚያው ሰዓት ጆንያውን ያንሱ፤ አንድ ቀን ቢዘገዩ ቡቃያው ነጥቶ ይመዘዛል። ጉንዳን ዘሩን ይለቅማልና ጀሪካኑን ጠረጴዛ ላይ አድርገው እግሮቹን ውሃ የያዘ ጣሳ ውስጥ ያቁሙ።

ከዚያ እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ፀሐይ ያግኝ፤ ከ5 እስከ 10 ሰዓት ግን የጥላ መረብ ወይም ሳሳ ያለ የማሽላ አገዳ ይሸፍነው። ችግኙ ከአንገቱ ቀጥኖ ከወደቀ ሻጋታ ነው፤ የሚመጣው ከመጨናነቅና ከእርጥበት ብዛት ነው። በ2 ሴንቲሜትር ርቀት አሳስተው ጠዋት ብቻ ያጠጡ። ከ3 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ 4 ወይም 5 ቅጠል ሲያወጣ፣ አመሻሽ ላይ በ25 ሴንቲሜትር ርቀት መደብ ላይ ይትከሉ። አንገቱ አፈር ውስጥ ከገባ ይበሰብሳል።

ምሬቱን በተመለከተ፦ ሙቀት ሰላጣን ወደ አበባ ያጣድፈዋል፤ አገዳ ሲመዘዝ ወተቱ ይበዛል፣ መራራው እሱ ነው። ጥቅልል የሚሠራውን ዝርያ ለድሬ አልመክርም፤ ቅጠሉ የተበተነውን ወይም ረጅሙን የሮማ ሰላጣ ይምረጡ። ዋናውን ተከላ ከጥቅምት እስከ ጥር ያድርጉት። በግንቦትና በሰኔ የግድ ካስፈለገ በጥላ ሥር ተክለው ትልቅ እስኪሆን ሳይጠብቁ ለጋውን ቅጠል ከውጭ እየቀነጠሱ ይብሉ። መሀሉ ወደ ላይ መመዘዝ ከጀመረ ያን ዕለት ሙሉውን ይቁረጡት።