ጀልባዋ መልህቅ ላይ ሆና ስትንገጫገጭ

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው፦ «10 ሜትር የምትሆን ባለ ሸራ ጀልባ አለችኝ። 6 ሜትር ጥልቀት ላይ 30 ሜትር ሰንሰለት ለቅቄ ቆሜያለሁ። ነፋሱ 25 ኖት (በሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነው። መልህቁ ይዟል፤ ግን ጀልባዋ ግራ ቀኝ ትዋልላለች፣ ዳር ስትደርስ ሰንሰለቱ ቀጥ ይልና ጓ ታደርገናለች። አርፈን መዋል አቃተን።»

ወዳጄ፣ መጀመሪያ ሰንሰለት ጨምር። ሒሳቡ ከውሃው ገጽ ሳይሆን ሰንሰለቱ ከሚወጣበት ከጀልባዋ አፍንጫ ነው የሚጀምረው። 6 ሜትር ውሃ፣ ከአንድ ሜትር በላይ የአፍንጫዋ ከፍታ፣ ባሕሩ ሲሞላ የሚጨመረው፣ ሁሉንም 8 ሜትር በለው። የለቀቅከው ሰንሰለት የዚህን 4 እጥፍ እንኳን አይሞላም። ቢያንስ 5 እጥፍ፣ 40 ሜትር አድርሰው፤ ከኋላህ ነፃ ቦታ ካለ 7 እጥፍ ይሁን። ነፋሱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ 4 እጥፍ ነውና ሳይብስ አሁኑኑ።

የሚያንገጫግጫችሁ ግን ሰንሰለት አለመለጠጡ ነው። ነፋሱ ሲበረታ ረገብ ያለው ክፍል ተወጥሮ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ጉተታውን የሚቀበለው ጀልባዋ ራሷ ናት። መድኃኒቱ ናይለን ገመድ ነው። ፖሊስተር ብዙ አይለጠጥም፣ ተወው። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ናይለን 8 ወይም 10 ሜትር ያህል ወስደህ አንዱን ጫፍ በሰንሰለት መንጠቆ ሰንሰለቱ ላይ ያዝ፣ ሌላውን ፊት ለፊት ካለው የገመድ ማሰሪያ ብረት ላይ እሰር። ከዚያ ሰንሰለቱን ልቀቅለት፣ ገመዱ እስኪወጠርና በመንጠቆውና በጀልባዋ መካከል ያለው ሰንሰለት ተንጠልጥሎ እስኪረግብ ድረስ። የመልህቅ መጎተቻው ማሽን ያን ሸክም እንዲሸከም አልተሠራም፣ እባክህ አሳርፈው።

ገመዱ ከጀልባዋ ጠርዝ ጋር የሚፋተግበትን ቦታ በቆዳ ወይም በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው። የፕላስቲክ ቱቦ አታልብሰው፤ ውሃ ስለማያስገባ ናይለኑ በፍትጊያው ሙቀት ውስጥ ውስጡን ይቀልጣል፣ ከውጭ ደግሞ ምንም አይታይም።

መዋለሉን በተመለከተ፣ ምሰሶውና ተጠቅልሎ የተቀመጠው የፊት ሸራ ነፋስ ስለሚይዙ ነው አፍንጫዋ የሚገፋው። ከኋላ ትንሽ ጠፍጣፋ ሸራ ብትሰቅል በጣም ትረጋጋለች። ከሌለህ ናይለኑን ከመሃል ሳይሆን ከአንዱ ጎን አውጣው፤ ጀልባዋ ትንሽ ገደድ ብላ ትቆማለች፣ ውዝዋዜውም ይቀንሳል።

ሲመሽ ጀልባዋ ከወሰንክላት ክብ ስትወጣ የሚጮኸውን የጂፒኤስ ማንቂያ ክፈት፤ ክቡን ግን ከመሃሉ እስከ ጠርዙ ከለቀቅከው ሰንሰለት አታሳንሰው፣ አለዚያ በከንቱ ሲጮህ ያድራል። ጥርጣሬ ከገባህ ሰንሰለቱን በእጅህ ንካው። መልህቁ እየተጎተተ ከሆነ ጉርምርምታው እጅህ ላይ ይሰማሃል።