ድራማ ዝምተኛ ተማሪዎችን ያናግራልን?

ጥያቄ፦ በጎንደር፣ አዘዞ፣ የ6ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ከ60 ተማሪዎቼ እጃቸውን የሚያወጡት ሁልጊዜ እነዚያው ስምንት ወይም ዘጠኝ ልጆች ናቸው፤ የቀሩት ስጠራቸው አንገታቸውን ደፍተው ይቆማሉ። ለወላጆች ቀን ባዘጋጀሁት ድራማም የተናገሩት እነዚያው ደፋሮቹ ሆኑ። ድራማ በእርግጥ ዝምተኞቹን ይጠቅማልን?

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ ይጠቅማል፤ የሚጠቅመው ግን ለወላጆች ቀን የሚዘጋጀው ዓይነት አይደለም። ያ ተጽፎ የሚሸመደድና ተመልካች የሚጠብቀው ስለሆነ፣ አዘጋጁ ሳይወድም ቢሆን አንደበተ ርቱዕ የሆነውን ልጅ ይመርጣል። አሜሪካዊቷ የድራማ መምህርት ዊኒፍሬድ ዋርድ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኢቫንስተን ከተማ ያስፋፋችው የፈጠራ ድራማ ግን ለተመልካች ተብሎ የሚቀርብ አይደለም፤ ልጆቹ ንግግሩን ሳያጠኑ እዚያው እየፈጠሩ ይጫወቱታል።

ሁሉንም ተማሪዎች በተቀመጡበት ጥንድ ጥንድ አድርገው ይጀምሩ። አንዷ ቦኖ ላይ ወረፋ የያዘችበት ጀሪካን ወደ ኋላ ተገፍቶ ያገኘች ልጅ ትሁን፤ ሌላዋ የገፋችው። ሁለት ደቂቃ ይነጋገሩ፤ ከዚያ ሚናቸውን ይቀያየሩ። በሦስተኛው ዙር ጀሪካኑን የገፉት አንዲት እናት ይሁኑ፤ ያን ጊዜ «አንቺ» ያለችው ልጅ «እርስዎ» ማለት ይኖርባታል፣ ቅሬታዋን ሳትውጥ አክብሮቷን መጠበቅም ትለማመዳለች። እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ይህን ዙር ነው፤ ብዙ ልጆቻችን በታላቅ ፊት ዝም የሚሉት አሳብ አጥተው ሳይሆን፣ በትሕትና መቃወም እንደሚቻል የሚያሳያቸው ስላላገኙ ነው። ሠላሳ ጥንድ በአንድ ጊዜ ሲናገር ክፍሉ እንደ ቅዳሜ ገበያ ይንጫጫልና፣ ጎረቤት ክፍል ለሚያስተምሩት መምህር አስቀድመው ይንገሩ፤ የማቆሚያ ጭብጨባም ይወስኑ። ጫጫታው ለዝምተኛዋ ልጅ ከለላ ነው፤ የሚሰማት ጓደኛዋ ብቻ ናት።

እንግሊዛዊቷ የድራማ መምህርት ዶርቲ ሂዝኮት እንዳደረገችው፣ እርስዎም ሚና ይያዙ። ወረፋው የተምታታበት የቦኖ ጠባቂ ሆነው «ልጆቼ፣ ምን ይሻለኛል?» ቢሏቸው፣ መልሱን ያውቃሉ የሚባሉት መምህርት ቀርተው ምክር ፈላጊ ሰው ፊታቸው ይቆማልና፣ ለመምህር የማይመልሱት ልጆች ለጠባቂው ይመልሳሉ።

በኋላ፣ ሲለምዱ፣ አባቶቻችን ነጠላ አጣፍተው፣ በትር ይዘው በችሎት ይሟገቱበት የነበረውን «በላ ልበልሃ» ያምጡላቸው። በዚህ ሙግት ተራን ጠብቆ መናገርና የባላጋራን ቃል እስከ መጨረሻው ማዳመጥ ግድ ነው፤ ዳኛ የሚሆነው ልጅ ከመፍረዱ በፊት የሁለቱንም ክርክር በራሱ ቃል እንዲደግም ያድርጉ።

የማንንም ልጅ የቤት ችግር ግን ለጨዋታ አይውሰዱ። ከየጨዋታው በኋላም አምስት ደቂቃ ትተው «ልብሽን ያራራው የትኛው ቃል ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ማን ጎበዝ እንደ ነበር አይጠይቁ። ለመጀመሪያው ወር ማንንም ብቻውን ወደ ሰሌዳው አያውጡ።