ጥያቄ አለኝ፦ አክሱም ወድቃ ሐይቅ ለምን ቀረ?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? ደሴ ሆጤ አካባቢ ነው የምኖረው፣ 12ኛ ክፍል ነኝ። ቡና ላይ ከአጎቴ ጋር ተከራክረን አልተስማማንም። እሱ ስልጣኔ የሚወድቀው ሰው ምቾት ሲለምድና መተሳሰብ ሲጠፋ ነው፣ ኢብን ኻልዱንም ያለው ይሄንኑ ነው ይላል። እኔ ደሞ ድርቅ ነው ባይ ነኝ፣ ስለ ማያዎች ያየሁት ቪዲዮ አለ። አክሱምስ ምን ሆና ነው የወደቀችው? ከወደቀችስ ፊደሉም ገዳሙም እንዴት እስካሁን አለ? ዳኛው እርስዎ ይሁኑ ተባብለናል።

መልስ፦ አብሽር ልጄ፣ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ይዛችኋል። መጀመሪያ አጎትህን አትናቀው። ኢብን ኻልዱን እ.ኤ.አ. በ1332 ቱኒስ ተወልዶ በ1406 ካይሮ የሞተ ሰው ነው፣ የሰሜን አፍሪካን ሱልጣኖች አንዱን ትቶ ሌላውን እያገለገለ የኖረ፣ በመሀልም የታሰረ፣ ስለዚ የቤተ መንግሥትን ጓዳ ከውስጥ ያውቀዋል። ከገጠር ከበረሃ ተሳስሮ የመጣ ወገን ከተማ ይይዛል፣ ልጁ የአባቱን ድካም በዓይኑ አይቷል፣ የልጅ ልጁ ግን በወሬ ነው የሰማው፣ እንዲህ እንዲህ እያለ በሦስት ትውልድ፣ በ120 ዓመት ገደማ፣ መንግሥቱ ያረጃል ነው የሚለው። አጎትህ እዚ ድረስ ልክ ናቸው። ሰው ብዙ የማይጠቅስለት ደሞ ስለ ግብር የጻፈው ነው፦ መንግሥት ወጣት እያለ ግብሩ ትንሽ ነው ገቢው ግን ብዙ ነው፣ ሲያረጅ ግብሩ ይከብዳል ገቢው ግን ይመነምናል፣ ምክንያቱም ሰው መሥራቱንም መነገዱንም ይተወዋል። ለኔ ከምቾቱ ወሬ ይሄኛው ይበልጥብኛል።

ድርቁን በተመለከተ፣ በ9ኛው ክፍለ ዘመን የማያ አገር ላይ፣ በዛሬዎቹ ሜክሲኮና ጓቲማላ አካባቢ፣ ከባድ ድርቅ መመላለሱ እውነት ነው፣ የደቡቦቹ ትልልቅ ከተሞችም ባዶ ቀርተዋል። ግን እኮ በዛው ዘመን አካባቢ በሰሜን በኩል፣ ያውም ዝናቡ ይብስ በሚያንስበት አገር፣ ቺቼን ኢትዛ ስታብብ ነበር፣ የማያ ሕዝብም ዛሬ በሚሊዮን ተቆጥሮ አለ። ድርቅ ለብቻው ቢጥል ኖሮ ሰሜኑ ይቀድም ነበር።

አሁን ወደ አክሱም። የአክሱም ሀብት ባብዛኛው በአንድ በር ነው የሚገባው የሚወጣው፣ በቀይ ባሕር ወደቧ በአዱሊስ። የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድ፣ ወርቅ በዛ ይወጣል፣ ጨርቅና ወይን በዛ ይገባል። ከ270 አካባቢ ጀምሮ (ፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የራሷን ሳንቲም መታች፣ ያኔ የወርቅ ሳንቲም የሚመታ አገር በጣት የሚቆጠር ነው። የወርቁ ጽሑፍ በግሪክኛ ነበር፣ ለውጭ ነጋዴ መሆኑ ነው፣ አንዳንዱ የነሐስ ሳንቲም ላይ ደሞ "ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ" የሚል ተጽፎበታል። ሕዝብ እንዳይከፋው የሚጨነቅ ንጉሥ ሳንቲም ላይ ሲጽፍ አስበው! በኋላ ግን የወርቁ ንጽሕና እየወረደ ሄደ። በ520ዎቹ አፄ ካሌብ ባሕር ተሻግረው የመን የነበረውን የሂምያር መንግሥት ያዙ፣ ስሙ ትልቅ ነው ወጪውም ያው፣ ግዛቱ ግን ብዙ ሳይቆይ ከአክሱም እጅ ወጣ። በ541 ቀይ ባሕርንና ሜዲትራኒያንን የመታው ወረርሽኝ ተነሳ፣ በ570ዎቹ ፋርሶች የመንን ያዙ፣ ከዛ የእስልምና መንግሥት ሲነሳ የንግዱ ማዕከል ዞረ፣ በ7ኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስም ሳንቲሙም አበቃ። ተራራው ላይ እንጨቱ አልቆ አፈሩ መታጠቡንም የሚጨምሩ አሉ። እንግዲህ ከነዚህ አንዱን መርጠህ ጣላት ማለት ትችላለህ?

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ክፉ ቀን ሲመጣ ሂሳቡን ማን ከፈለ? ክፉ ቀን የማይመጣበት አገር የለም። ሮማ ገንዘብ ሲያጥራት ምን አደረገች፣ በአውግስጦስ ጊዜ ንጹሕ ሊባል የሚችለውን የብር ሳንቲም እየበረዘች እየበረዘች በ260ዎቹ ብሩ ከ5 በመቶ በታች ወረደ፣ ኢንፍሌሽን ማለት ይሄ ነው፣ የመንግሥትን ወጪ ገበያ የወጣችው ሴትዮ ከፈለች። የሮማ ምሥራቁ ግማሽ፣ ቁስጥንጥንያ፣ የወርቅ ሳንቲሙን 700 ዓመት ገደማ ሳያረክስ ያዘ፣ ከተማዋም እስከ 1453 ቆየች። በርግጥ ሳንቲም ብቻ አላቆያትም፣ ግንቧም አለ፣ ባሕሩም አለ፣ ግን ወታደርህና ነጋዴህ ደሞዙን ሲያምነው ሌላ ነገር ነው።

ሩቅ ለምን እንሄዳለን፣ በኛ አቆጣጠር የ1965 እና 66ን የወሎ ረሃብ አያትህን ጠይቅ። በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሕንዳዊው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሴን ይሄንን ረሃብ አጥንቶት ነበር፣ ያገኘው ነገር ሁሌም ይገርመኛል። የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ያን ያህል አልወደቀም። ደሴ ገበያ ላይም የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው ሰማይ አልነካም። ጭራሽ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ ነበር! ገበሬው ሰብሉ ሲጠፋበት የሚበላው ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትም ነው የጠፋው፣ በሬው ሞቷል ወይ በርካሽ ሄዷል፣ ብር የሌለው ሰው ደሞ ቢርበውም ገበያ ላይ ዋጋ አያስወድድም። እህል የጫነው መኪና በደሴ አስፋልት ያልፋል፣ የራበው በዛው አስፋልት ዳር ቆሞ መኪና እያስቆመ ይለምናል። መንግሥት ነገሩን ደብቆ ደብቆ ሲወጣበት የካቲት 66 ደረሰ፣ ወታደሩ አመፀ፣ ነዳጅ ጨመረ፣ ታክሲና መምህራን ሥራ አቆሙ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ወረዱ። ረሃቡ ብቻውን አላወረዳቸውም፣ ግን ከ1270 (በፈረንጅ) ከይኩኖ አምላክ ጀምሮ እቆጥራለሁ የሚል ዙፋን ሲወድቅ ከጎኑ የሚቆምለት ሰው ያጣው ሂሳቡን ሁሌ ለገበሬው ስለሚልክ ነው ባይ ነኝ።

ቀረ ስላልከው ነገር። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዝሙር ሰብስበው ያስተማሩበት ቦታ ነው፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል ይባላል። አክሱም ካበቃላት ስንት መቶ ዓመት በኋላ ማለት ነው፣ ያውም በአክሱም ቋንቋና ፊደል። እንዴት ቀጠለ ካልከኝ፣ ርካሽ ስለሆነ። እየቀለድኩ አደለም። ቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ኮፊዳውን ይዞ "በእንተ ስማ ለማርያም" ብሎ ከየደጁ ቁራሽ ይለምናል፣ መምህሩ የሚያውቀውን በቃሉ ይሰጠዋል፣ ግምጃ ቤት አይፈልግም፣ ወደብ አይፈልግም። የወሎ የእስልምና መማሪያዎች ዳናና ጀማ ንጉሥ ላይም እንደዛው ነው፣ ደረሳው ከሸኹ ስር ቁጭ ብሎ ኪታብ ይቀራል፣ ራቱ ከጎረቤት ይመጣል። ንጉሥ ሲለወጥ የሚዘጋ ነገር የለውም። የአክሱም ትልቁ ሐውልት ግን፣ ያ 33 ሜትር 500 ቶን ያለፈው፣ መንግሥት ይፈልጋል፣ እሱም ወድቋል።

ስለዚ ዳኝነቱ፦ ቡናውን አጎትህ ያፍላ፣ ስኳሩን አንተ ግዛ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመጽሔቱ። ኮምቦልቻ ነኝ፣ አሰብ መስመር ተሳቢ ስነዳ ኖሬ አሁን ቤት የዋልኩ ሰው ነኝ። በኛ ጊዜ ኮምቦልቻ ሌሊት አትተኛም ነበር፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ኤሊዳር፣ ቡሬ ብለን አሰብ ነው። በ1990 መንገዱ ሲዘጋ ሁሉም ነገር ጭር አለ። ይሄስ የስልጣኔ ውድቀት ይባላል ወይስ አጋነንኩት?

መልስ፦ ጋሽዬ፣ ትንሽ አጋነዋል፣ ግን ያዩት ነገር የአዱሊስ ነጋዴ ያየውን ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ የባሕር ነጋዴ እንደጻፈው ከአዱሊስ ወደ ውስጥ የሦስት ቀን መንገድ ተሂዶ የዝሆን ጥርስ ገበያ ይደረሳል፣ ከዛ አክሱም ሌላ አምስት ቀን። በጠቅላላው ስምንት ቀን፣ ጎማ ሳይፈነዳ መሆኑ ነው። ያ መስመር ሲሞት የመንገዱ ሰው ምን እንደሆነ የጻፈለት የለም፣ እርስዎ ግን ስላሉ ቢጽፉት ደስ ይለኛል፣ የት ይታደር እንደነበር፣ ሻይ ቤቱን፣ ረዳቱን፣ የበረሃውን ሙቀት፣ ሁሉን።

ልዩነቱ ኮምቦልቻ በአሰብ ብቻ አልኖረችም። ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቢራው አለ፣ ከሚሌ ወደ ጅቡቲ የሚወጣው መንገድ አለ፣ በ2009 ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። የ2014ቱ ጦርነት ደህና አድርጎ ጎድቷታል፣ የአዋሽ ወልዲያ ሐዲድም እንደታሰበው አልሮጠም። ግን ከሐረጎ ሲወርዱ የሚያዩት መብራት አሁንም ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ሐይቅ እስጢፋኖስን ልናይ አስበናል፣ ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በወልዲያ መንገድ። ገዳሙ ሴት አያስገባም፣ ሳትነግራት ወስደሃት በኋላ እንዳትጣሉ። አንተ ገብተህ እስክትወጣ እሷ ሐይቁ ዳር ዓሣ ትብላ፣ ደሴ ስትመለሱ ደሞ አብራችሁ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ ግብር ቤት እዩ።