ትሪየር አንድ ቀን ይበቃል ወይ?

እህቴ፣ «ጀርመን ትሪየርን ከልጆቼ ጋር ለማየት አንድ ቀን ይበቃል ወይ? ሙዚየሙስ ያዋጣል?» ላልሽው፣ ሁለት ጊዜ ስለሄድኩ ልመልስልሽ። የመጀመሪያው ሰኞ ነበር። ከፍራንክፈርት ሦስት ሰዓት ገደማ በባቡር ተጉዤ ትልቁን ሙዚየም (ራይኒሽስ ላንደስሙዚየም ይባላል) ዝግ ሆኖ አገኘሁት። ሰኞ እንደማይከፍት ሳላይ መነሳቴ የራሴ ጥፋት ነው። አንቺ ሰኞን ተይው።

አዎ፣ ይበቃል። ሁሉን ልይ ካላልሽ።

ከፖርታ ኒግራ ጀምሪ፤ «ጥቁሩ በር» ማለት ነው። ሮማውያን በ170 ዓ.ም. አካባቢ የሠሩት የከተማ በር ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ድንጋዮቹ ያለ ምንም ማጣበቂያ ተደራርበው በብረት ነበር የተያያዙት። ኋላ ላይ ብረት የቸገረው ሰው ሁሉ ድንጋዩን እየፈለፈለ አወጣው። ቀዳዳዎቹ አሁንም አሉ፤ ልጄ ጣቱን በየቀዳዳው እየከተተ ግማሽ ሰዓት አስቆመኝ። በሩን ከመፍረስ ያዳነው አንድ የግሪክ መነኩሴ ነው። ስምዖን ይባላል። ግንቡ ውስጥ በአቱን ዘግቶ ኖሮ በ1035 አረፈ፤ ከዚያ በሩን ቤተ ክርስቲያን አደረጉት። ናፖሊዮን መጥቶ የቤተ ክርስቲያኑን ግንባታ አስፈረሰና በሩ ብቻ ቀረ።

ካቴድራሉን ሳታዪ እንዳታልፊ። ደመራ የምንደምርላት ንግሥት እሌኒ ቤተ መንግሥቷን ለቤተ ክርስቲያን የሰጠችው እዚያ ነው ይላል የአገሩ ትውፊት። የራስ ቅሏ ነው የሚባል ዐፅምም እዚያው ተቀምጧል። ቅዱስ አትናቴዎስም በ335 ከእስክንድርያ ተግዞ የመጣው ወደዚችው ከተማ ነው። አዎ፣ ያው አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ ሾሞ ወደ አክሱም የላከልን። ይህን ሳውቅ አደባባዩ ላይ ቆሜ ትንሽ ፈዘዝኩ፤ ማንም አስጎብኚ አልነገረኝም ነበር።

የቆስጠንጢኖስ ዙፋን አዳራሽ ቅርብ ነው። 67 ሜትር ርዝመት፣ 33 ሜትር ከፍታ። ዛሬ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ነው። ውስጡ ባዶ ጡብ ስለሆነ ልጆች ቶሎ ይሰለቻሉ። ይልቅ ወደ ሮማውያኑ መታጠቢያ ቤት ውሰጃቸው፤ ከሥሩ ያሉት ዋሻ መሰል መተላለፊያዎች ለሩጫ የተሠሩ ነው የሚመስሉት።

ሙዚየሙ? ለወርቁ ብቻ ብለሽም ቢሆን ግቢ። በ1993 የመኪና ማቆሚያ ሊሠሩ ሲቆፍሩ ከ2,500 በላይ የሮማ ወርቅ ሳንቲም ተገኘ። 18.5 ኪሎ! አንድ ሰው አጠራቅሞ ቀበረው፣ ተመልሶ ግን አላወጣውም። በ2019 ሌቦች ሌሊት ገብተው መስታወቱን ቢደበድቡት አልሰበር አላቸው። ልጆችሽ ይህን ታሪክ ከሳንቲሙ በላይ ይወዱታል።

የካርል ማርክስ የትውልድ ቤትም አለ። የደርግን ዘመን ለምናስታውስ ይገርማል፤ ለልጆች ግን በብዛት የሚነበብ ነገር ስለሆነ እኛ ከውጭ አይተን አልፈን ነበር። ቻይና በ2018 የሰጠችው ትልቅ ሐውልቱ ፖርታ ኒግራ አጠገብ ስላለ ፎቶ እዚያ ተነሱ።

የሕፃን ጋሪ ካለሽ ፖርታ ኒግራ ላይ አትድከሚ፤ ደረጃው ጠመዝማዛና ጠባብ ነው። እኛ ተራ በተራ ነው የወጣነው፤ አንዱ ታች ጋሪውን ይጠብቃል።